የድንጋዩ ክፍል

ከበርበሬ ማድረቂያው ጀርባ ያለው ክፍል እስከ ወገብ ድረስ ድንጋይ ተሞልቷል። ቀን ማራገቢያው ፀሐይ ያጋለችውን አየር በድንጋዮቹ መሐል ይነፋል፤ ማታ ድንጋዮቹ ሙቀቱን ለበርበሬው ይመልሳሉ። ድንጋይ ለማስተካከል የሚገባ ሰው ጫማውን ደጃፉ ላይ ይተዋል። ጫማ ካለ ማራገቢያው አይነሳም።

ማራገቢያውን የሚያስነሳው ሰውዬ ከሽንት ቤት ተመልሶ ደጃፉን አየ። ጫማ የለም። የብረቱን በር ቀርቅሮ ማራገቢያውን አስነሳ።

ወዲያው ከውስጥ ኳ ኳ አለ። ድንጋይ ሲሞቅ ይንጣጣል፤ ለምዶታል። ይኼ ግን የሚመታው በሩን ነበር።

«አስካለ የት ናት?» ብሎ የግቢው ዘበኛ ላይ ጮኸ።

«ድንጋይ ላስተካክል ብላ ገብታ ነበር። ጫማዋ ከሌለማ ወጥታለች ማለት ነዋ፣ ጋሼ።»

ሰውየው ወደ ማጥፊያው ሲሮጥ ተደናቀፈ። ቅድም ሽንት ቤት ለመሄድ ከደጃፉ አንስቶ ያጠለቀው ነጠላ ጫማ ጠቦት ነበር።