ለውሻ ይለቀሳል እንዴ?

ትምህርት ቤቱ፣ ለዓይነ ስውራን መሪ የሚሆን ቡችላ አሠልጥኖ ላስረከበ ተማሪ ሁሉ፣ የቡችላውን ትዝታ የሚያጠፋ መርፌ ይወጋል። አዲሶቹ ተማሪዎች ግን የመርፌ ተራቸው እስኪደርስ እንኳ መታገሥ አቅቷቸው፣ ባዶ ማሰሪያ ታቅፈው ይነፋረቃሉ።

"ለውሻ ይለቀሳል እንዴ? አልቃሻ ሁላ!" አለች ሶስና፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ። "እኔ ሦስት አሠልጥኜ ሦስት ሰርተፊኬት ወስጃለሁ። አንድም ቀን አልቅሼ አላውቅም!"

"ስማቸው ማን ነበር?" አለቻት አንዷ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

"ደግሞ የውሻ ስም ልሸምድድልሽ?" ብላ ጥላቸው ሄደች።

ቤቷ ምሳ ላይ፣ አለቃቀሳቸውን ለእናቷ እያስመሰለች ስትስቅ፣ እጇ ዳቦ ቆርሶ ጠረጴዛው ሥር ገባና ይጠብቅ ጀመር። እናቷ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብላ ቁራሹን ከመዳፏ ወሰደችላት።