ከአስፋልቱ ማዶ

"ቱታህን አውልቅ፤ የኔ ነው!" አለ ጀይሉ፣ ከሚሴ ዋናው አስፋልት ዳር ባለው የባጃጅ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ። ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራው መካኒክ ሙህዲን፣ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ጋራዥ ሊከፍት መሆኑን ገና መናገሩ ነበር። ሙህዲን ሾፌሮቹ ሁሉ እያዩት ቱታውን አውልቆ በቁምጣና በካናቴራ ቀረ።

"ወላሂ፣ አንድ ደንበኛ አይከተልህም! የምታውቀው ሁሉ ከኔ እጅ የሰረቅከው ነው።"

"የኔን ሞተርስ ማን ይገጥምልኛል?" አለ አንዱ ሾፌር። የባጃጁ ሞተር ተፈታትቶ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

"እኔ!" ብሎ ጀይሉ ተንበረከከና የካርቡሬተሩን መርፌ በእጁ እየዳበሰ ይፈልግ ጀመር። ዓይኑ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ይህን የሚያውቀው ግን ሙህዲን ብቻ ነበር። ቀጫጭኑን ሥራ ሁሉ እሱ እየሠራ፣ ለደንበኛ "ጋሽ ጀይሉ ናቸው የሠሩት" ሲል ነው የኖረው። አሁንም ዝም ብሎ መሄድ ይችል ነበር። በሰው ፊት ቱታውን መገፈፉ ግን አንገበገበው።

"ጋሼ፣ መርፌዋ ጉልበትዎ ሥር ናት" አለ ጮክ ብሎ። "አይታይዎትም። ሦስት ዓመት ሙሉ አይታይዎትም።"

ጀይሉ ካቀረቀረበት ቀና አላለም።

"ዴሚ" አለ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ። "ሂድልኝ።"

ባለባጃጁ መርፌዋን ከሽማግሌው ጉልበት ሥር አነሳ፤ ጆንያውን ከነዕቃው ሰብስቦ ሙህዲንን ተከትሎ አስፋልቱን ተሻገረ። ሙህዲን ወደ ኋላ አልዞረም። ለመዞር ድፍረት አጣ።