አልጎርስ ያለው ጥይት

ጥጋቡ የአያቱን ደም እንዲመልስ አጎቱ አያ ቢሰጥ ጠመንጃ አስታጠቁት። ባዶ ቀለህ እየለቀመ፣ ባሩድ እየሞላ ጥይቱን የሚያዘጋጀው ግን ራሱ ነበር። ከአጎቱ ጋር አድፍጠው ደመኛው ታደገ ብቅ ሲል ሊያጎርስ ቢሞክር ጥይቱ አልገባ አለ። በሳምንቱም እንደዚያው ሆነ።

አያ ቢሰጥ ጥይቱን አገላብጠው አዩና ተቆጡ። «የቀለሁ አፍ ተጣሟል እኮ! እንዴት ይጎርሳል? እጅህን ምን ነካው?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እንደገና እሞላዋለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ቤቱ ገብቶ አዳዲስ ጥይቶች ሞላ። ከዚያ በሩን ዘግቶ ጉጠት አነሳና የአንዱን ቀለህ አፍ ቆንጠጥ አደረገው።

«ጠበቅ አድርገው እንጂ» አለችው ሚስቱ ትርንጎ፤ «ባለፈው አንዱ ሊገባልህ ነበር።»