የሙከራ ክፍያ

ሰው በገንዘብ ፈንታ በእንቅልፉ መገበያየት ከጀመረ ወዲህ መሆኑ ነው። ትርሲት ለአባቷ የጋቢ ሱቅ ድረ ገጽ የክፍያ ድርጅት ስታማርጥ ሰነበተች። ድረ ገጹን ያሠራችው የወር እንቅልፏን ከፍላ ነውና ዓይኗ ደም መስሏል።

ሸማኔው አባቷ አቶ ዘርጋው መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። "ገዢው እንቅልፉን ከሰጠን ጋቢዬን ምን ሊያደርግበት ነው?"

"ይሞቀዋላ አባዬ! በል፣ ሙከራ ብቻ ቀርቶናል። አንተ ገዢ ሁንና የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ላክልኝ። ከደረሰኝ እመልስልሃለሁ።" ስልኩን አቀበለቻቸው።

አቶ ዘርጋው በወፍራም ጣታቸው "ላክ" የሚለውን ተጫኑ። ትርሲት "ደረ..." ብላ ሳትጨርስ ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለች።

አዲሱን ጋቢ ደረቡላት። ሸማኔ ደግሞ ክሩን ደጋግሞ ሳይስብ መጥበቁን አያምንምና፣ ሰባት ጊዜ ደግመው ተጫኑ።