የአቶ ልደቱ ገንዳና ቀዩ መብራት

እናት... ወይዘሮ ሒሩት።

የበኩር ልጅ... ባሮክ፣ መገናኛ ሰፈር ባለ መሥሪያ ቤት የሚውል፣ ስብሰባ የማያልቅበት።

መካከለኛዋ... ማዕዶት፣ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ዕቃ ሁሉ በቦታው ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳት።

የመጨረሻው... ሰላሙ፣ ሲግናል ሰፈር ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ሳይቀልድ ሰላም የማይል።

ጋሽ ሂርጳ... ሲኖትራክ ሙሉ አፈር ጭነው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ በር ላይ የቆሙት።

እና በመካከላቸው የሌሉት፣ ነገር ግን ዓይን ሁሉ የሚፈልጋቸው... ሟቹ አባት፣ አቶ ልደቱ።

አፈሩ የመጣው የእሳቸውን ገንዳ ሊቀብር ነበር...

አቶ ልደቱ ዕድሜያቸውን በሆቴል መዋኛ ገንዳ ጠባቂነት ያሳለፉ ሰው ናቸው።

ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ሥር ባለው ግቢያቸው ውስጥ፣ በገዛ እጃቸው ትንሽ ገንዳ ሠሩ።

የክሎሪን ዱቄት የማዕዶትን ዓይን ስለሚያቀላው፣ ገንዳውን የጨው ውሃ አደረጉት። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው ወደ ክሎሪን የሚለውጥ ማሽንም ገጠሙለት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት የዚያ ቤት በዓል ሆነ።

ባሮክ የባሕር ዛፍ ቅጠል በመረብ ይለቅማል... ሰላሙ ግድግዳውን ይፈገፍጋል... አባት የማሽኑን ሳህኖች አውጥተው፣ የተጋገረባቸውን ነጭ ቅርፊት በአቼቶ እየዘፈዘፉ ያላቅቃሉ።

የማዕዶት ሥራ ግን ከሁሉም የከበረ ነበር... መቅመስ።

«እንባ እንባ ካለሽ በዝቷል፤ ምንም ካላለሽ አንሷል» ይሏት ነበር አባቷ። እሷም ጣቷን ነክራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ዳኛ ትፈርዳለች።

አባት አረፉ... ልጆች ሥራ ያዙ... ቅዳሜም እንደማንኛውም ቀን ሆነ።

ባለፈው ዓመት ግን ማሽኑ ቀይ መብራት ማብራት ጀመረ።

እናት ፎቶ አንስተው በቤተሰቡ ቴሌግራም ይልካሉ። «ቀይ በራ።»

ሦስቱም ይመጣሉ። ቅጠል የወደቀበትን ውሃ ቀንሰው ንጹሕ ሲጨምሩበት፣ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ምሳ በልተው ይበተናሉ...

ሳምንታት ያልፋሉ። ደግሞ ቀይ።

ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በመጨረሻ ባሮክ ቆረጠ።

«እማዬ፣ ማሽኑ አርጅቷል። ገንዳውን በአፈር እንድፈነውና ክፍሎች ሠርተን ታከራዪዋለሽ። እኔም በዚህ ኮረኮንች ስመላለስ የመኪናዬ ሆድ አለቀ።»

«የመኪናህ ሆድ ብቻ ነው?» አለ ሰላሙ። «ያንተም እኮ በመጣህ ቁጥር መሬት ሊነካ ይደርሳል... በእማዬ ዶሮ።»

እናት አልሳቁም። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ «እንደመሰላችሁ» አሉ ብቻ።

ጋሽ ሂርጳ ከበሩ ተጣሩ። «እትዬ፣ ልድፋው?»

ማዕዶት ግን ከገንዳው ጠርዝ ቁጢጥ ብላ የልጅነቷን ሥራ ልትሰናበት ነበር። ጣቷን ነከረች... ዓይኗን ጨፈነች...

ቀመሰች።

«እንባ እንባ አለኝ» አለች በዝግታ።

«ምን?»

«ጨው በዝቶበታል። ማሽኑ ደኅና ነው፤ ቀዩ መብራት ጨው ሲያንስም ሲበዛም ይበራል።»

«ታዲያ ጨው ይበዛል፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለ ባሮክ።

«በራሱ አይበዛም። ክሎሪኑ ሥራውን ሲጨርስ ተመልሶ ያው ጨው ነው የሚሆነው። እኛ ደግሞ በመጣን ቁጥር እየቀነስን ንጹሕ ውሃ ስንጨምር ነው የከረምነው... ማነስ ነበረበት። አንድ ሰው ካልጨመረበት በቀር...»

ቀና ስትል እናቷ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሒሩት።



«ናፈቃችሁኝ ስላችሁ፣ በዚህ ሳምንት አይመችም ትሉኛላችሁ። ቀይ በራ ስላችሁ ግን ሦስታችሁም ትመጣላችሁ። አባታችሁ ካስቀመጠው ጨው እየዘገንኩ ነበር የምጨምረው።»

«አፈር ሲመጣስ ለምን ዝም አልሽ እማዬ?» አለች ማዕዶት።

«ምን ልበል ልጄ? ልጆቼን በጨው አታለልኩ ልበል? እናንተን የምጠራበት ነገር ሲቀበር እያየሁ እንኳ... መናገር አፈርኩ።»

ሰላሙ ሊቀልድ አፉን ከፈተ። ቀልድ አልመጣለትም።

የባሮክ ስልክ ጠራ። አየውና አጠፋው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ መረብ አወረደ፣ ጎንበስም ብሎ ቅጠል መልቀም ጀመረ... ልክ እንደዚያ ዘመን።

«አፈሩሳ?» አሉ ጋሽ ሂርጳ፣ አንገታቸውን ብቅ አድርገው። «ይህን ሁሉ ጭነት ይዤ በዚያ ኮረኮንች አልመለስም።»

«ጋሼ፣ እዚያ መንገዱ ላይ የአንድ ሰውዬ መኪና ሆድ የጨረሱ ጉድጓዶች አሉ» አለ ሰላሙ፣ ድምፁ እየተመለሰ። «እነሱ ላይ ይድፉልን።»

ባሮክ ከመረቡ ቀና ሳይል፣ «ይድፉት። ከእንግዲህ በመንገዱ አላሳብብም» አለ።

እንዲህም ሆነ... ገንዳውን ሊቀብር የመጣው አፈር ወደ ገንዳው የሚያደርሰውን መንገድ ሞላ።

ያን ዕለት በገንዳው ዳር አራቱም የተስማሙበት ውሳኔ ይህ ነው፦ መብራቱ ቀይም ሆነ አረንጓዴ፣ ወር በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉም ይመጣል፤ ጨውም ማዕዶት ሳትቀምስ አይጨመርም።

ትምህርቱ፦ ወላጅ «ዕቃ ተበላሸ» እያለ ደጋግሞ ሲጠራን፣ ዕቃውን ከመጠገናችን በፊት የጠራንን ሰው እንይ። ናፍቆት ሁልጊዜ በስሙ አይጠራም።

እናንተስ... ከወላጆቻችሁ ቤት «ተበላሸ» ተብላችሁ የተጠራችሁበት ዕቃ ምን ነበር? በእውነት የተበላሸውስ እሱ ነበር?