ጆሮ የተባለው ውሻ

ምራትየዋ ውሻ የገዛችው ውሻ ስለምትወድ አይደለም። እንኳን ለእንስሳ፣ ለገዛ ባሏም ሶፋው ላይ ቦታ የምትሰጠው እየተነጫነጨች ነው። የገዛችው አማቷ ስለማይሰሙ ነው።

እማማ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ስልክ ማዞሪያ ቤት ነው። ያኔ ሰው ከሰው የሚገናኘው በእሳቸው እጅ ነበር። የከተማው ሐሜት ሁሉ በጆሯቸው ገብቶ አንድም ቀን ከአፋቸው አልወጣም። መስማት ያቆሙት ልጃቸውና ሚስቱ «ብቻዎን አንተውዎትም» ብለው፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው እሳቸው ቤት ከገቡ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ምራትየዋ ሁለት ቀን ጮኻ ሞከረችና «እርጅና ነው» ብላ ተወችው።

በር ሲንኳኳ የሚከፍት ሰው ግን ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ከተቀመጠች መነሳት አትወድም። ሻጩ ነጭ፣ ፀጉሩ ሻካራ፣ ከድመት ብዙም የማይበልጥ፣ ቴሪየር የሚሉት ውሻ አቀረበላት።

«ሲያዩት ትንሽ ነው እንጂ ልቡ የአንበሳ ነው» አላት። «ይህ ዘር አይጥ ከወለል ሥር ስትተነፍስ ይሰማል። መቆፈር ይወዳል። በየቀኑ ካልተንሸራሸረ ቤት ያፈርሳል። ደግሞ ግትር ነው፤ ቢጠሩት አይመጣም።»

እሷም ግትርነቱን እንደ ጌጥ ቆጥራ ገዛችው።

ስሙን «ጆሮ» አሉት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይሄኛው ግን ይዛመድ ይሆናል!» አለ ባል፤ በቀልዱም ብቻውን ሳቀ።

እውነትም ተዛመደ። አገጩን የእማማ ነጠላ ጫማ ላይ አስደግፎ ይተኛል። በር ሲንኳኳ አገጩ ሥር ያለው ጫማ ነቅነቅ ይላል፤ እሱም ዘሎ ይነሳና እየጮኸ ወደ በሩ ይሮጣል፤ እማማም «ጆሮ ሰው መጣ አለኝ» እያሉ ቀስ ብለው ይከተሉታል። ምራትየዋ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ብትጠራው ዞር ብሎ አያያትም። ለእማማ እጅ ግን ይታዘዛል። መዳፋቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ይቀመጣል፣ ጣታቸውን ሲያጥፉ ይመጣል፣ ከኪሳቸውም ቁራሽ የደረቀ ሥጋ ያገኛል።

«ደንቆሮና ውሻ ተግባቡ» አለች ምራት፣ እማማ አጠገብ ተቀምጣ ጥፍሯን እየቀባች። ቀጠለችም፤ «መጦሪያው ውስጥ ቦታ ተገኝቷል። ሰኞ ጠዋት መኪና ይልካሉ። ለጉልበትሽ ሕክምና ነው እንላታለን። ቤቱን በደህና ዋጋ አከራይተን እኛ ፎቅ እንገባለን።»

«እናቴ ብታለቅስስ?» አለ ባል።

«ታልቅሳ። አንተ ደግሞ ወንድ ሁን።»

እማማ ጎንበስ ብለው የውሻውን ጀርባ አሻሹ።

ሰኞ መኪናው ሲመጣ እማማ የሉም። ውሻውን ሊያንሸራሽሩ ማልደው እንደወጡ ሳይመለሱ ዋሉ። ሾፌሩ ተሳድቦ ሄደ።

«ምንም አይደል፣ መጀመሪያ ተከራይ እናግኝ» አለ ባል በማግሥቱ ምሳ ላይ። «ሳሎን ያለው እርጥበት እንዳይታይ ቁምሳጥኑን እናስጠጋበት።» አስጠጉበት። ቤት ለማየት የመጡት ባልና ሚስት ሳሎኑን እያደነቁ ሳለ ጆሮ ከቁምሳጥኑ ሥር ገብቶ መቧጠጥ ጀመረ። ቧጥጦ ቧጥጦ የሻገተ ልስንና ቁራሽ የደረቀ ሥጋ ይዞ ወጣ። ሰዎቹ ቁምሳጥኑን ገፋ አድርገው ግድግዳውን አዩና የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

«ይሄ ውሻ የምንለውን ይሰማል!» አለች ምራት።

«አብደሻል?»

«ሰኞ ዕለት ማን ጎትቶ አስወጣት ታዲያ? ባወራን ቁጥር ዓይን ዓይናችንን ነው የሚያየው።»

ባል ሳቀባት። ጉንፋንና ሞኝነት ግን አንድ አልጋ ከሚጋሩ ሰዎች አንዱን ብቻ መርጠው አይዙም፤ በሳምንቱ ድምፁን ዝቅ ማድረግ የጀመረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ምሥጢር ሲኖራቸው ውሻውን ወደ ጓሮ ያስወጣሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ከዚያም እማማ ጎን ተመቻችተው ያወራሉ።

ውሳኔውንም እንዲሁ ወሰኑ።

«ነገ ሐኪም ጋ ወስደን በመርፌ እንገላገለው» አለች ምራት። «ለክትባት ነው እንላታለን። ሐሙስ ደግሞ እሷን እናደርሳለን።»

«ቀስ በይ፣ መስኮቱ ክፍት ነው» አለ ባል። «ይሰማናል።»

በማግሥቱ ጠዋት ምራትየዋ ክንዷን በጣቷ ወጋ ወጋ እያደረገች ክትባት መሆኑን በምልክት አስረዳች። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። የውሻውን ማሰሪያ ራሳቸው አሰሩለት። ከዚያ የልጃቸውን አገጭ ይዘው ብዙ አዩት። አንድ ነገር እንዲላቸው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እሱ ግን የመኪናውን ቁልፍ በየኪሱ ይፈልጋል።

ከግቢው ሲወጡ የመሣሪያ ሳጥን ያንጠለጠለ ቁልፍ ሠሪ አጥሩ ሥር ቆሞ የቤቱን ቁጥር ያነባል።

«ተሳስተሃል፣ ማንንም አልጠራንም!» አለችው ምራትየዋ በመኪናው መስኮት፤ አልፈውት ሄዱ።

የእንስሳት ሐኪሙ ውሻውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ጥርሱን፣ ሆዱን፣ እግሩን መረመረ።

«ጤነኛ ነው» አለ። «ምን አድርጎ ነው የሚገደለው?»

«ይሰማል» አለች ምራት። «ሁሉን ነገር ይሰማል። በገዛ ቤታችን ማውራት አልቻልንም!»

ሐኪሙ ትክ ብሎ አያት። ሁለት የብረት ትሪዎች አነሣና ከውሻው ጀርባ በኃይል አጋጫቸው። ምራትየዋ ጮኸች። ባል ደንግጦ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ጆሮ የሐኪሙን እጅጌ ማሽተቱን አላቋረጠም።

«ይህ ውሻ ከተወለደ ጀምሮ ሰምቶ አያውቅም» አለ ሐኪሙ ወደ ባልየው ዞሮ፤ «እናትዎም ዛሬ ጠዋት በስልክ ስናወራ ይህንኑ ነግረውኛል።»