ከቀን የበለጠው ሰዓት

ኃላፊው «ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ሲያጨበጭብ፣ አንጋፋው የዝናብ ተንታኝ እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ግድግዳው ላይ የበራው የአዲሷ ባልደረባው ግራፍ ነበር፤ ከተማዋን ሊመታ የሚችለውን የከባድ ዝናብ መጠን፣ የአንድ ሰዓቱን በቀይ፣ የሙሉ ቀኑን በሰማያዊ መስመር ያሳያል። የከተማዋ ቦይ ሁሉ የተቆፈረው በእሱ ስሌት ሆኖ፣ ጭብጨባው ትናንት ለመጣች ልጅ!

ድንገት ዓይኑ ግራፉ ጫፍ ላይ ተተከለ። ዝናቡ እጅግ በሚከፋበት በኩል ቀዩ መስመር ከሰማያዊው በላይ ወጥቷል። የአንድ ሰዓት ዝናብ፣ ያንኑ ሰዓት በሆዱ ከያዘው ቀን በልጦ! ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብበት ከንፈሩን ነክሶ ተነሣና፣ ቀዩ ሰማያዊውን ያለፈበት ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«የኔ እመቤት» አለ ድምፁን አለስልሶ፣ «በአንቺ ቤት ሰዓት ከቀን ይበልጣል?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ጠጋ ብላ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ አይቼዋለሁ» አለችው። «ቀዩን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፤ ልክ ነው። ያነሰው ሰማያዊው ነው። እሱ ደግሞ ቦዮቹ የተቆፈሩበት የእርስዎ የድሮው ስሌት ነው፤ እንዳለ ነው የወሰድኩት። ላሳይዎት ሁለቴ ቢሮዎ መጥቼ ‹ጊዜ የለኝም› ብለው መለሱኝ።»

«ምን አለችዎት ጋሼ?» አለ ኃላፊው የሳቅ እንባውን እየጠረገ። «ለእኛም ይንገሩን እንጂ!»

ጣቱ ሰማያዊው መስመር ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።